ሜዲካል ዋርድ ልወጣ ነው፤ ቢፒ (የደም ግፊት) በጆሮዬ አልሰማ አለኝ፣ አርአር (በደቂቃ የትንፋሽ ብዛት) ደግሞ ለምን ሁሌ 20 ይሆናል?

ጀማሪው ነርስ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ነርሲንግ ሁለተኛ ዓመት ነኝ፣ ከሰኞ ጀምሮ ሜዲካል ዋርድ ልምምድ እንወጣለን። ቫይታል ሳይን (ግፊት፣ ፐልስ ማለትም የልብ ምት፣ ትንፋሽ መለካት) ስኪል ላብ፣ መለማመጃ ክፍሉ ውስጥ ተምረናል። ግን እዚያ የምንለካው እርስ በርስ ነው፣ ሁላችንም ወጣትና ጤነኛ ስለሆንን ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይሰማል። ባለፈው ዋርዱን ልናይ ስንገባ ኢንስትራክተራችን አንዲት እናት ጋ "ሞክር" አለኝ። ካፉን (ክንድ ላይ የሚታሰረውን) በአየር ሞላሁ፣ ቀስ ብዬ አስተነፈስኩ፣ ጸጥ። እንደገና ሞላሁ፣ አሁንም ጸጥ። እሳቸውም "ልጄ ክንዴ ደነዘዘ እኮ" አሉኝ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ ቻርት ሳገላብጥ አርአር የሚለው ሳጥን ውስጥ ያለው ሁሉ 20 ነው። ጠዋትም 20፣ ማታም 20። የሳንባ ምች ያለበትም 20፣ ለስኳር የተኛውም 20። አንዷን ልጅ ጠየቅኳት፣ ሳቀች ብቻ።

ሦስተኛ፣ ፖዚሽን። ላብ ያለው አልጋ ማዞሪያው ይሠራል፣ ዋርድ ያሉት ግን ብዙዎቹ ማዞሪያቸው ተሰብሯል። ትንፋሽ ያጠረው ታካሚ ፎውለር (ከወገቡ በላይ ቀና ብሎ) ይደረግ ሲባል በምን ላድርገው?

እባካችሁ መጽሐፍ ላይ ያለውን አትገልብጡልኝ፣ እሱን አንብቤዋለሁ።


የማታ ተረኛ፦

እንኳን መጣህ ወንድሜ። ስለ ቢፒው ልንገርህ፣ ሌላውን ሌሎቹ ይጨምሩበታል።

መጀመሪያ ስቴቶስኮፕህን እየው። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ጫፍ ወደ ፊት፣ ወደ አፍንጫህ በኩል ማጋደል አለበት። ገልብጠህ ካደረግከው የጆሮህን ቀዳዳ ግድግዳ ነው የምታዳምጠው። ከዚያ ታች ያለውን ክብ በጣትህ መታ መታ አድርገው። ሁለት ገጽ ያለው ከሆነ ዞሮ የተዘጋ ሊሆን ይችላል፤ መታ ስታደርገው ጆሮህ ውስጥ ካልጮኸ አዙረው። ተማሪ "አልሰማም" ብሎ ሲመጣ ከዚህ ከሁለቱ አንዱ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቀጥሎ ልብስ። እኛ አገር ታካሚ ሹራብ ለብሶ፣ በላዩ ጋቢ ደርቦ ነው የሚተኛው። ካፉን ሹራብ ላይ አትጠምጥም። እጅጌውን ጠቅልለህ ወደ ላይ መግፋትም መፍትሔ አይደለም፣ የተጠቀለለው እጅጌ ራሱ ክንዱን ያስራል። ፈቃድ ጠይቀህ ክንዱን ከእጅጌው አውጣ፣ ጋቢውን መልሰህ ደረቱ ላይ ጣል። ብርድ ከሆነ ቶሎ ጨርስ።

አሁን ዋናው። ካፍ ሳታስር በፊት ደም ሥሩን በጣትህ ፈልግ። መዳፋቸው ወደ ላይ ዞሮ ክንዳቸው ሲዘረጋ ክርን መታጠፊያው ላይ ወፍራም ጅማት አለ፤ ከእሱ አለፍ ብሎ በትንሿ ጣት በኩል ሲመታ ታገኘዋለህ። ያገኘህበትን ቦታ አስታውስ፣ ስቴቶው የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ካፉ ከመታጠፊያው ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ከፍ ይበል፣ የስቴቶውን ክብ ካፉ ሥር አትሸጉጥ።

ከዚያ ወደ ጆሮ አትቸኩል። መጀመሪያ የእጅ አንጓቸውን ይዘህ ፐልሱ እየመታ ካፉን ሙላ። ፐልሱ የጠፋበትን ቁጥር ያዝ፣ ለምሳሌ 130። አስተንፍሰው፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቅ። አሁን ስቴቶውን አድርገህ 30 ጨምረህ እስከ 160 ሙላና በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር እያወረድክ አዳምጥ። የመጀመሪያው ቷ ቷ ላይኛው ነው፣ ድምፁ ጨርሶ የጠፋበት ታችኛው። ይህን ድምፅ ያገኘው ኮሮትኮቭ የሚባል ሩሲያዊ ቀዶ ሐኪም ነው፣ በ1905 እንደ ፈረንጆቹ። እስካሁን የምንሠራበት የእሱን ነው።

በመዳሰስ መጀመር ጊዜ ማባከን የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። ግፊታቸው ከፍ ያለ አንዳንድ ሰዎች ላይ ድምፁ ይጀምርና መሃል ላይ ይጠፋል፣ ወረድ ብሎ እንደገና ይመጣል። አንተ እዚያ ጸጥታ ላይ ከጀመርክ 200 የሆነውን ሰው 150 ብለህ ትጽፋለህ። ሁለተኛው ጥቅሙ ደግሞ ለአንተ ጭንቀት ነው፤ በጣትህ 130 ላይ ጠፍቶ ካገኘኸው፣ ጆሮህ ባይሰማ እንኳ ላይኛው የት አካባቢ እንዳለ ታውቃለህ።

መሃል ላይ ቁጥሩ ሲያመልጥህ እየወረደ ያለውን መልሰህ አትንፋው። ጨርሶ ይውጣ፣ አንድ ደቂቃ ይረፍ፣ እንደገና ጀምር። ሁለቴ ሞክረህ ድምፁ ከደከመ ክንዳቸውን ወደ ላይ አንስተው ጣታቸውን ጨበጥ ዘርጋ ያድርጉ፣ ከዚያ ዝቅ አድርገህ ለካ፣ ድምፁ ጎላ ይላል። ያም ካልሠራ በመዳሰስ ያገኘኸውን ላይኛውን ጻፍና "በመዳሰስ" በል። ግን አንድ ነገር፦ እጃቸው ቀዝቃዛ፣ ግንባራቸው ላብ፣ ፐልሱ እንደ ክር የቀጠነ ከሆነ ችግሩ ጆሮህ ላይሆን ይችላል። ያኔ ስቴቶህን ጥለህ ሰው ጥራ።

ክንዱ በልብ ትክክል ይሁን፣ በትራስ ደግፈው። ወደ ታች ከተንጠለጠለ ቁጥሩ ይጨምራል። እግር አያነባብሩ፣ እየተለኩ አያውሩ። አምስት ደቂቃ ያህል ይረፉ። ቡና፣ ሲጋራ፣ ጫት ከነበረ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቆይ፣ ጫቱማ ከዚያም በላይ ስለሚቆይ ዝም ብለህ አጠገቡ ጻፈው። ሽንት ወጥሯቸው ከሆነ መጀመሪያ ይሽኑ። ለወፍራም ክንድ ጠባብ ካፍ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፣ ለቀጭን ክንድ ሰፊ ካፍ ዝቅ ያደርገዋል። ጉሉኮስ የገባበትን ክንድ፣ የኩላሊት እጥበት ፊስቱላ (ለእጥበቱ ተብሎ በቀዶ የተገናኘ ደም ሥር) ያለበትን ክንድ፣ ጡቷ በቀዶ የወጣላትን ሴት በዚያ በኩል ያለውን ክንድ አትንካ።

መጨረሻ ላይ አንዲት ምስጢር። በእጅ የምንለካበት ጌጅ (የግፊቱ ቁጥር ማሳያ) ላይ ጭረቶቹ በ2 ሚሊሜትር ነው የሚራራቁት። ስለዚህ በዚያ ጌጅ 125 ወይም 115 የሚል ቁጥር አይኖርም፤ 124 ወይም 126 ነው የሚሆነው። ቻርት ላይ 125/75 ካየህ በምን እንደተለካ ጠይቅ።


ደሞዝ ጠባቂ፦

ኧረ ተው ሲስተር፣ ልጁን አታስጨንቂው። ይሄ ሁሉ ለፈተና ነው። ሥራ ስትገባ ዲጂታል የግፊት መለኪያ አለ፣ ጠቅ ነው። አንድ ነርስ ሙሉ ዋርድ ይዞ፣ መድኃኒት ሰጥቶ፣ ካኑላ ተክሎ፣ ከአስታማሚ ተጨቃጭቆ፣ እያንዳንዱ ሰው ላይ ቆሞ ትንፋሽ የሚቆጥረው መቼ ነው? 20 የሚጻፈው ለዚህ ነው። ሁሉም ያውቃል። ሐኪሙም ያውቃል። ራውንድ ላይ የሚያየው ራሱ ታካሚውን ነው እንጂ ያንን ሳጥን አይደለም።


ጤና መኮንኑ፦

ደሞዝ ጠባቂ፣ የሥራው ብዛት ላይ አልከራከርህም፣ እውነት ነው። የቀረው ላይ ግን አልስማማም።

አርአር ማሽን የማይቆጥርልህ ብቸኛው ነገር ነው፣ ዋርድ ላይ ባለን ዕቃ ማለቴ ነው። እና ከሁሉም ቀድሞ የሚለወጠውም እሱ ነው። ሰው ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲያውክ) ውስጥ ሲገባ ወይም ልቡ ውሃ ወደ ሳንባው ሲመልስ፣ ቢፒው ገና 110/70 ሆኖ ሳለ ትንፋሹ 26፣ 28 ይደርሳል። ቢፒ ሲወርድ እኮ ረፍዷል። ማታ 12 ሰዓት ላይ 20 የተባለ ሰው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሲያጣጥር "ድንገት ተባባሰ" ይባላል። ድንገት አልነበረም፣ ያልተቆጠረ ነው። ሐኪሙ ሳጥኑን ማየት የተወው ደግሞ ለምን ይመስልሃል? ሁሌ 20 ስለሚል።

ጊዜ ከሌለህ አትቁጠር፣ ሳጥኑን ባዶ ተወው። ባዶ ሳጥን የሚቀጥለውን ተረኛ "ይሄ አልታየም" ይለዋል። 20 ግን "ታይቷል፣ ደህና ነው" ብሎ ይዋሸዋል። እና የሚያሰጉህን ታካሚዎች ለይተህ እነሱን ብቻ እንኳ በትክክል ቁጠር፤ ኦክስጅን ላይ ያለውን፣ አዲስ የገባውን፣ ትኩሳት ያለውን። አንድ ሰው አንድ ደቂቃ ነው።

ጀማሪው፣ አቆጣጠሩን ላሳይህ። "ትንፋሽህን ልቆጥር ነው" ካልከው ሰውዬው ወዲያው እንደ ስፖርተኛ መተንፈስ ይጀምራል። ፐልስ እንደምትቆጥር ሆነህ የእጅ አንጓውን ያዝ፣ ክንዱን ደረቱ ላይ አሳርፈው። ፐልሱን ጨርስ፣ እጁን ግን አትልቀቅ፣ ዓይንህን ሰዓቱ ላይ እንዳደረግክ የክንዱን መነሳትና መውረድ ቁጠር። ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ ነጠላ ደራርቦ የተኛ ሰው ደረቱ አይታይህም፣ በእጅህ ግን ይሰማሃል። ሲነሳና ሲወርድ አንድ ነው። ሙሉ ደቂቃ። በ15 ሰከንድ ቆጥረህ በ4 ብታባዛ አንዷን ብትስት ወይም ብትደግም 4 ትሳሳታለህ፤ 16ቱ 20 ይሆናል፣ 20ው 24። ለትልቅ ሰው ከ12 እስከ 20 ነው የምንጠብቀው። 24 እና ከዚያ በላይ ካገኘህ ደግመህ ቁጠር፣ ከዚያ ለአንድ ሰው ሳትነግር ከዋርድ አትውጣ። ቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ አንገቱ ላይ ያሉት ጡንቻዎች ይጎተታሉ ወይ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቆርጥ ይጨርሳል ወይ፣ ያንንም ጻፍ።

ሕፃናት ዋርድ ስትሄድ ደግሞ ይሄ ጉዳይ የሕክምና ውሳኔ ራሱ ነው። ሳል ያለበት ልጅ ከ2 ወር በታች ከሆነ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ነው እንላለን። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በገጠር ኬላ ተቀምጣ የሳንባ ምችን የምትለየው በዚሁ ቁጥር ነው፣ ራጅ የላትም። የሚያለቅስ ልጅ አይቆጠርም፣ የሚጠባም አይቆጠርም። እናቱ አቅፋው ዝም ሲል ልብሱን ወደ ላይ ገልጠህ ሆዱን እየው።

ዲጂታሉን በተመለከተም አንድ ነገር ልበል። የሩማቲክ የልብ ሕመም እኛ አገር ገና በወጣትነታቸው የያዛቸው ብዙ ሰዎች አሉ። የልብ ምታቸው የተዘበራረቀ ሲሆን ማሽኑ አንዴ 140፣ አንዴ 105 ይልሃል። እነሱን በእጅ ነው የምትለካው፣ ደጋግመህ። ፐልሱንም በስቴቶስኮፕ ከግራ ጡት ሥር ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለህ፤ አንጓው ላይ ከምታገኘው ሊበልጥ ይችላል፣ ሁለቱንም ጻፍ።


ጀማሪው ነርስ፦

ስለ ጭረቱ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። የላቡን ጌጅ አሁን ሄጄ አየሁት፣ እውነትም በ2 ነው። ፖዚሽኑንስ?


ከቨርጂኒያ፦

ሰላም ወንድሜ። እኔ እዚህ አሜሪካ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ውስጥ ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) ነኝ። የአገር ቤት ዋርድ ሠርቼ አላውቅም፣ ግን በጎን ማስተኛትን በእንቅልፌም እሠራዋለሁ። እዚህ ፈቃድ ለማግኘት ፈታኟ ፊት እየሠራህ ነው የምትፈተነው። ፐልስ ከእሷ ቁጥር በ4፣ ትንፋሽ በ2 ብቻ ነው ልትለያይ የሚፈቀድልህ፣ ስለዚህ 20 ብሎ መገመት አያዋጣም። ያገሬ ልጆች ለፈተናው ሲዘጋጁ ቁጥሩን አይፈሩም፣ የሚጥላቸው በጎን ማስተኛቱ ነው።

አደራረጉ እንዲህ ነው። መጋረጃ ዝጋ። የአልጋውን ጎማ ቆልፍ፣ አልጋው ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ እስከ ወገብህ አምጣው፣ ለታካሚው ሳይሆን ለአንተ ወገብ ነው። ራስጌውን አስተኛ። በሚዞሩበት በኩል ያለውን የአልጋውን የጎን ብረት አንሣ። ከመንካትህ በፊት ተናገር፤ "እማማ፣ አሁን ወደ ቀኝ ላዞርዎት ነው" በል፣ መስማት ባይችሉም በል። መጀመሪያ ወደ አንተ በኩል ሳብ አድርጋቸው፣ ያለዚያ ሲዞሩ ብረቱ ላይ ይለጠፋሉ። ከዚያ ትከሻና ዳሌያቸውን ይዘህ ሙሉ ሰውነታቸውን አንድ ላይ አዙር፣ ላይኛው ዞሮ ታችኛው እንዳይቀር።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ጨረስኩ" ብሎ ይሄዳል። አልጨረስክም። የታችኛው ክንድ የት አለ? ከሥራቸው ተጨፍልቆ ከሆነ ትከሻቸውን ቀስ ብለህ ወደ ፊት አውጣው። ከጀርባቸው ትራስ። የላይኛውን ክንድ የሚያቅፉት ትራስ። የላይኛው ጉልበት ታጥፎ በሁለቱ እግሮች መሃል ትራስ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚቱ ሁለቱም ትራሱ ላይ ይረፉ። ጉልበት ከጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት ከቁርጭምጭሚት አጥንት ለአጥንት እንዳይጋጭ ነው ነገሩ። ትራስ ከሌለ ብርድ ልብስ ጠቅልል። የመጥሪያ ደወሉንም እጃቸው አጠገብ አድርግ፣ ደወል ከሌላችሁ አስታማሚው የት እንዳለ ንገራቸው።


የማታ ተረኛ፦

እህቴ ጥሩ አድርገሽ ነገርሽው። እኛ ጋ አምስት ትራስ ለአንድ ሰው ማግኘት ቅንጦት ነው፣ በጋቢና በብርድ ልብስ ነው የምንሠራው። ይሠራል።

አሁን ማዞሪያው የተሰበረው አልጋ። የቆየ ዘዴ አለ። የእንጨት ወንበር ትገለብጥና ራስጌው ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ የወንበሩ መደገፊያ ወደ ታካሚው ጀርባ ተዳፋት ሆኖ እንዲወርድ፣ እግሮቹ በራስጌው ብረት ላይ እንዲደገፉ። መንሸራተቱን ገፋ አድርገህ ፈትነው፣ በጨርቅ እሰረው። ላዩ ላይ ብርድ ልብስ፣ ትራስ። ይኸው ፎውለር። ወንበር ካጣህ ከራስጌ በኩል የአልጋውን ሁለት እግሮች ብሎኬት ላይ አስቀምጥ፤ ያ ግን ጠቅላላ አልጋውን ያጋድላል እንጂ ሰውዬውን አያስቀምጠውም፣ ቀስ በቀስም ወደ ግርጌ ይንሸራተታል።

መንሸራተቱ ነው ትልቁ ጠላት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለስና እየው፤ ወገቡ ከመታጠፊያው ወርዶ፣ አገጩ ደረቱ ላይ ተጣብቆ፣ ሆዱ ወደ ላይ ተገፍቶ ታገኘዋለህ። ቻርቱ ላይ ፎውለር ተብሏል፣ ሰውዬው ግን ተጣጥፎ ትንፋሹ ብሷል። ስለዚህ ዳሌው መታጠፊያው ላይ በትክክል ይረፍ፣ ከጭኑ ሥር የተጠቀለለ ነገር አድርግ፣ ከጉልበቱ ጀርባ ግን ጠንካራ ነገር አትሸጉጥ፣ ደም ይይዛል። ወገቡ ላይ ያለውን ክፍተት በትንሽ ጨርቅ ሙላው።

ሰው ወደ ላይ ስትስብ ብብቱን ይዘህ አትጎትት። አስታማሚዎች ሁሌ እንዲህ ያደርጋሉ፣ አውቀው አይደለም። ስትሮክ የመታው ሰው የደከመው ክንዱ ከተሳበ ትከሻው ከቦታው ይወጣል፣ ከዚያ ሕመሙ ለወራት አይተወውም። ከሥሩ አንሶላ አጥፈህ ዘርጋ፣ ከትከሻ እስከ ጭን፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ጠቅልሎ ይያዝ፣ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ብላችሁ አንሱት። አትጎትቱ፣ አንሱ። ሲጎተት ቆዳው አንሶላው ላይ ይቀራል፣ አጥንቱ ይሄዳል፣ የአልጋ ቁስል እዚያ ይጀምራል።

የልብ ድካም ታካሚ በዚህም ካልተሻለው አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጠው፣ እግሩ ይውረድ፣ ፊት ለፊቱ ጠረጴዛና ትራስ አድርገህ ክንዱን ይደገፍ። አፍንጫው ላይ የምግብ ቱቦ ያለው ሰው ደግሞ ምግብ ሲገባለት ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ይበል፣ ከበላም በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንደዚያው ይቆይ። ሾርባው ገብቶ ወዲያው በጀርባው የተኛ ሰው ሳንባው ውስጥ ሾርባ አለ ማለት ነው። ከአልጋ ወይም ከመኪና ወድቆ አንገቱ ወይም ወገቡ የሚያጠራጥረውን ግን ማንም ምንም ቢልህ ብቻህን አታዙር።


የአባቷ አስታማሚ፦

እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም፣ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አባቴ ስትሮክ መቶት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር። ቱቦውን አስተማሩን፣ ዳይፐሩን አስተማሩን፣ አገላብጡት ግን ያለን ሰው አልነበረም። ጭራ አጥንቱ ላይ ሲቆስል ነው የሰማነው። አሁን ቤት ነው ያለው። ጎረቤታችን ጓንት ውኃ ሞልታችሁ ተረከዙ ሥር አድርጉ ብላን እያደረግን ነው። ልክ ነው? ሌሊትስ በየስንት ሰዓቱ ነው ማገላበጥ ያለብን?


የማታ ተረኛ፦

እህቴ እግዚአብሔር ይማርልሽ። የጓንቱን ውኃ ተዉት። እኛም ድሮ እናደርገው ነበር፣ ግን ትንሽ ቦታ ላይ ክብደቱን ሰብስቦ ይጫናል። የጎማ ቀለበት ላይ ማስቀመጥም እንደዚሁ። ብርድ ልብስ ጠቅልለሽ ከባቱ ሥር በርዝመቱ አድርጊው፣ ተረከዙ አየር ላይ ይንሳፈፍ፣ ወረቀት በሥሩ ሲያልፍ ካልነካው ልክ ነው።

በየ2 ሰዓቱ ነው የምንለው፣ ሌሊትም። ቀኝ፣ ጀርባ፣ ግራ። በጎን ሲተኛ ሙሉ ለሙሉ ዳሌው አጥንት ላይ አታቁሙት፣ በትራስ ተደግፎ ወደ 30 ዲግሪ ብቻ ጋደል ይበል። ሰዓቱንና ወደየት እንደዞረ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉ፣ ተራ ስትለዋወጡ አትጨቃጨቁም። ስታዞሩት ቆዳውን እዩ። መጽሐፉ "ቀልቶ" ይላል፤ እንደ እኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱ አይታይም። በእጅሽ ጀርባ ዳብሺው፤ ከአካባቢው የሞቀ፣ የጠነከረ ወይም የጠቆረ ቦታ ካለ ተጀምሯል ማለት ነው። እዚያ ቦታ ላይ አታሹት፣ ቅባትም አትጫኑበት፣ በዚያ በኩል አታስተኙት ብቻ። የቆሰለውን ግን ጤና ጣቢያ አሳዩ፣ እዚህ በጽሑፍ አይታከምም።


አዋላጇ፦

ወላድ ዋርድም ትመጣለህና ሁለት ነገር። ነፍሰ ጡር ሴት ከ20 ሳምንት በኋላ ሙሉ በሙሉ በጀርባዋ አታስተኛት። ማህፀኑ ወደ ልብ የሚመለሰውን ትልቁን ደም ሥር ይጫነዋል፤ ራሷን ያዞራታል፣ ያልባታል፣ ቢፒዋ ይወርዳል። አንተ ጉሉኮስ ልትከፍት ስትሮጥ መድኃኒቱ ወደ ግራ ጎኗ ማዞር ነው።

ሁለተኛው ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፣ ብዙ ሰው ሲስተው አያለሁ። በግራ ጎኗ ተኝታ ሳለ ከላይ በቀረው በቀኝ ክንዷ ብትለካት ክንዱ ከልቧ በላይ ስለሆነ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት ሕመም) ያለባት ሴት በዚህ አለካክ ደህና መስላ ታድራለች። ከፍ አድርገህ አስቀምጣትና ክንዷን በልቧ ትክክል አድርገህ ለካ። 140/90 ካገኘህ ዝም አትበል፣ ላይኛው 160 ወይም ታችኛው 110 ከደረሰ ደግሞ ሩጥ።

በነገራችን ላይ የሲምስ ፖዚሽን የምትሉት፣ በግራ ጎን ከፊል በሆድ የሚተኛው፣ ስሙ የመጣው ጄ. ማሪዮን ሲምስ ከሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው። በ1840ዎቹ አላባማ ውስጥ በባርነት የነበሩ ሴቶችን ፊስቱላ (በምጥ ጉዳት የሚመጣ ሽንት የሚያፈስ ቀዳዳ) ያለ ማደንዘዣ ደጋግሞ ቀዷል። እኛ ደግሞ ሐምሊኖች የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች በ1974 እንደ ፈረንጆቹ አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት የፊስቱላ ሆስፒታል አለን። ኢንስትራክተሮች የፖዚሽን ስሞችን ሲያስሸመድዱ ይሄን ቢያወሩ ማን ይረሳው ነበር።


ደሞዝ ጠባቂ፦

እሺ ባዶ ሳጥን የተባለው ገብቶኛል። ግን ባዶ ትቼ ማትሮኗ፣ የነርሶች ኃላፊዋ፣ ስትጠይቀኝ እናንተ ናችሁ የምትመልሱልኝ 😄


ጀማሪው ነርስ፦

ሁላችሁም ተባረኩ፣ ሙሉውን ደብተሬ ላይ ገልብጬዋለሁ። አንድ የቀረኝ፦ የኦክስጅን መለኪያውን ጓደኛዬ ጣት ላይ ሳደርገው 93 በመቶ አለኝ። ጤነኛ ነው፣ ኳስ ይጫወታል። ማሽኑ ተበላሽቶ ነው?


ጤና መኮንኑ፦

አዲስ አበባ ነህ መሰለኝ። ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለኸው፣ መጽሐፍህ ላይ ያለው ከ95 በላይ የሚለው ደግሞ ባሕር ጠለል አጠገብ ለሚኖር ሰው ነው የተጻፈው። እዚህ ከፍታ ላይ ጤነኛ ሰው 93 ቢሆን አይገርምም፤ እዚያው ልጅ ጋምቤላ ቢወርድ ከፍ ይልለታል። ግን መጀመሪያ ጣቱን እይ፤ የቀዘቀዘ ጣት፣ የጥፍር ቀለም፣ ሂና፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ፣ ሁሉም ቁጥሩን ያበላሹታል። ማሽኑ ላይ የሚታየው ሞገድ ሳይረጋጋ ቁጥሩን አታንብብ፣ ማሽኑ ያሳየህ ፐልስ አንተ በእጅህ ከቆጠርከው ጋር ካልገጠመም ሳቹሬሽኑን (የኦክስጅን ቁጥሩን) አትመነው።

ከፍታውን ደግሞ ሰበብ አታድርገው። ታካሚህ 90 ሆኖ አርአር 28 ከሆነ ተራራው አይደለም።

እና ሰኞ ከመሄድህ በፊት ሰከንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ግዛ፣ ርካሹ ይበቃል። አንዳንድ ኢንስትራክተር ዋርድ ውስጥ ስልክ ስታወጣ ካየህ ፌስቡክ ላይ ነህ ብሎ ነው የሚያስበው።